ቀኑ የት ገባ? የሥራ ቀን ዕቅድ እንዴት እንደሚሠራ

ቀኑን ሙሉ ደፋ ቀና ብሎ ውሎ ማታ ላይ «ዛሬ ግን ምን ሠራሁ?» የሚል ሰው ሰነፍ አይደለም። ሰነፍማ ምን እንዳልሠራ በደንብ ያውቀዋል። የዚህኛው ሰው ችግር ሌላ ነው፤ ሰዓቱ ሳይጎድል ትኩረቱ በየደረሰበት ተሸራርፎ ያልቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዋጁ የሚቆጥረው ሰዓት ነው። ትኩረትን መቁጠር የባለቤቱ ፈንታ ነው።

የቀን ዕቅድ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ረጅም የሥራ ዝርዝር ነው። ዝርዝር ግን ምን እንደሚሠራ እንጂ መቼ እንደሚሠራ፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅና ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ አይናገርም። ስለዚህ «አሁን የቱን ልያዝ?» የሚለው ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ሳይመለስ ይውላል፤ ጥያቄው ክፍት ሲሆን ደግሞ የመጣው ሁሉ ይመልሰዋል፤ ስልኩም፣ ጎረቤት ጠረጴዛ ያለው ባልደረባም፣ ቴሌግራሙም። ዕቅድ የሚሠራው ጥያቄውን አስቀድሞ በመመለስ ነው። ሥራውን አያሳንስም፣ ሰዓቱንም አያረዝምም። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የምንዘልበትን ቁጥር ግን ይቀንሳል። ጥቅሙ የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ስልክ ስንት ያስከፍላል?

ወር መዝጊያ ላይ ያለች አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ እናስብ። የባንኩን ስቴትመንት በግራ፣ የራሷን የባንክ መዝገብ በቀኝ አድርጋ ሁለቱን እያስታረቀች ነው። በ1,800 ብር አልገጥም ብለዋል። 1,800 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። የቆየ የሂሳብ ሰው ይህን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቁጥር ተገላብጦ መጻፉን ነው፤ 6,400 ብር 4,600 ተብሎ ገብቶ ይሆናል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም ለ9 ይካፈላልና። በዚህ ሰዓት ሴትዮዋ በጭንቅላቷ ብዙ ነገር ይዛለች፤ ልዩነቱን፣ የምትፈልገውን የስህተት ዓይነት፣ እስከ የትኛው ቼክ እንዳየች፣ የትኞቹ ቼኮች ተጽፈው ገና ከባንክ እንዳልወጡ። አንዱም ወረቀት ላይ አልሰፈረም።

ስልክ ይጮኻል። ዕቃ ያቀረበ ድርጅት ሰው ነው፤ «ክፍያችን ከምን ደረሰ?» ይላል። ንግግሩ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ስልኩ ሲዘጋ ግን ቁጥሮቹ በጭንቅላቷ የሉም። «የት ነበርኩ?» ትላለች፤ ካየቻቸው ቼኮች መሃል አሥሩን መልሳ ታያለች፤ የአቅራቢው ጉዳይም ከጀርባ ሆኖ «የክፍያ ማዘዣውን ማን ጋ ነው ያስቀመጥኩት?» እያለ ይጎተጉታታል። እንጀራ የጋገረ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ምጣዱ አንዴ ከጋለ እንጀራው እየተከታተለ ይወጣል፤ በየመሃሉ ከበረደ ግን ሊጥ ሞልቶ ተርፎ መሶቡ አይሞላም።

ይህን ከጀርባ የሚጎተጉት ነገር ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት «የትኩረት ቅሪት» ብላዋለች። ሰዎችን ከአንድ ሥራ አንስታ ወደ ሌላ ስታሻግራቸው የመጀመሪያው ሥራ በሐሳባቸው ይቀራል፤ በተለይ ሳይጨርሱት ከተነሱ። ያ ቅሪት ያለባቸው ሰዎች አዲሱን ሥራ ሌሎቹ የሠሩትን ያህል አልሠሩትም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚባለው ለጭንቅላትም ይሠራል ማለት ነው።

በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን ተመራማሪ የነበረችው ግሎሪያ ማርክ ደግሞ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2008 ያልተጠበቀ ነገር አሳተመች። በሙከራው ውስጥ በየመሃሉ የተቋረጡት ሰዎች ሥራቸውን ካልተቋረጡት ቀድመው ጨረሱ፤ ጥራቱም አልወረደም። የባከነባቸውን ለማካካስ ፈጥነው ነበር የሠሩት። በልዋጩ ግን ጭንቀታቸው፣ ብስጭታቸውና ጥረታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። ስለዚህ አንድ ቀን ተቋርጦ መሥራት ይቻላል፤ ዋጋው የሚከፈለው ማታ ቤት ሲገባ ነው። በየቀኑ ሲሆን ደግሞ ሰው ሥራውን ሳይሆን ሩጫውን ይለምዳል።

ማርክ ቢሮዎችን ስትከታተል ያየችው ሌላም ነገር አለ፤ ከመቋረጦቹ ወደ ግማሽ የሚጠጉት ከውጭ የመጡ አይደሉም። ማንም ሳይጠራው ሰውየው ራሱ ሥራውን ትቶ ሌላ ነገር ይከፍታል። «ስልክ አላሠራ አለኝ» የምንለው እንግዲህ ግማሹ እውነት ነው። ቀሪው ግማሽ የራሳችን እጅ ነው።

ያላለቀ ሥራ ለምን ዕረፍት ይነሳል?

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በርሊን ውስጥ ብሉማ ዛይጋርኒክ የምትባል የሥነ ልቦና ተማሪ ነበረች። በኩርት ሌዊን ሥር ባደረገችው ምርምር ሰዎች ብዙ ትንንሽ ሥራዎችን እንዲሠሩ አድርጋ ግማሾቹን ሳይጨርሱ አስቆመቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ውጤት ሰዎቹ አብልጠው ያስታወሱት የተቋረጡትን ሥራዎች ነበር። በኋላ ሙከራውን የደገሙት ሁሉ ያንኑ ውጤት አላገኙም፤ ቢሆንም ሳይላክ የቀረ ደብዳቤ በእንቅልፍ ሰዓት ድቅን የሚልበት ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

ለዕቅድ የሚጠቅመው ግን ከዚያ ወዲህ የመጣው ነው። ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ ያላለቀ ጉዳይ ያለባቸው ሰዎች ሌላ ነገር ሲያነቡ ሐሳባቸው ይበታተናል፤ ጉዳዩን መቼና እንዴት እንደሚፈጽሙት በዝርዝር ያቀዱት ግን አልተረበሹም። ልብ ይበሉ፤ ጉዳዩን አልፈጸሙትም፣ አቀዱት ብቻ። ጭንቅላት ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ አይጎተጉትም፤ የሚጎተጉተው ቦታ እስኪሰጠው ነው። «ሪፖርቱ» ብሎ መጻፍ ቦታ መስጠት አይደለም። «ሪፖርቱ፤ ሐሙስ 3 ሰዓት፤ በሽያጭ ሠንጠረዡ ይጀመራል» ብሎ መጻፍ ቦታ መስጠት ነው።

ሌሮይም በ2018 (እ.ኤ.አ.) ከቴሬዛ ግሎም ጋር ባሳተመችው ጥናት ተቀራራቢ መድኃኒት አግኝታለች። ሰው ሊቋረጥ ሲል የት እንደደረሰና ሲመለስ በምን እንደሚጀምር አንድ ሁለት መስመር ከጻፈ ቅሪቱ ይቀንሳል። የሂሳብ ሠራተኛዋ ስልኩን ከማንሳቷ በፊት «ልዩነት 1,800፤ እስከ 17ኛው ቼክ ታይቷል፤ የተገላበጠ ቁጥር ይፈለግ» ብላ ብትጽፍ የሚፈጅባት አሥራ አምስት ሰኮንድ ነው። የሚቀርላት ግን አሥሩን ቼክ መልሶ ማየት ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወስድ አንባቢ ይቺን ይውሰድ።

«ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል»

ዕቅድ የሚፈርሰው በአብዛኛው በስንፍና አይደለም፤ በግምት ነው። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ለዚህ ጠባይ ስም ሰጥተውታል፤ ሰው ሥራው የሚፈጀውን ጊዜ ሲገምት ሁሉም ነገር እንደታሰበው ሲሄድ ብቻ ይታየዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሮጀር ቢዩለርና ባልደረቦቹ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በመጨረስ ላይ ያሉ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠየቁ። አማካይ ግምታቸው 34 ቀን ነበር። ሁሉም ነገር ቢበላሽስ ሲባሉ ወደ 49 ቀን አሉ። በተግባር የፈጀባቸው በአማካይ ከ55 ቀን በላይ ነው። ክፉ ክፉውን አስበው የሰጡት ግምት እንኳ አልበቃም።

መፍትሔው «ሊዘገይ ይችላል» እያሉ መሥጋት አይደለም፤ ያለፈውን ማየት ነው። ባለፈው ወር ፔይሮሉ ስንት ሰዓት ፈጀ? ሁለት ሰዓት ተኩል ከሆነ በዚህ ወርም ሁለት ሰዓት ተኩል ይያዝለት፤ «አሁንማ ለምጄዋለሁ» አይባል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሥራው ሲጀመርና ሲያልቅ ሰዓቱን ከጎኑ ማስፈር ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማስታወሻ ደብተሩ ከባለቤቱ የተሻለ ገማች ይሆናል።

ተቃራኒውም አለ። እንግሊዛዊው ሲ. ኖርዝኮት ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1955 ዘ ኢኮኖሚስት ላይ በፌዝ መልክ እንደጻፈው፣ ሥራ የተሰጠውን ጊዜ ያህል ይለጠጣል። መጨረሻ ያልተቆረጠለት ደብዳቤ ከጠዋት እስከ ምሳ ሲታረም ይውላል። ስለዚህ በዕቅዱ ላይ መነሻ ብቻ ሳይሆን ማብቂያም ይጻፍ።

የትኛው ሥራ በየትኛው ሰዓት?

ስምንቱ ሰዓት እኩል አይደለም። አብዛኛው ሰው በደንብ ተኝቶ ከተነሳ ረፋዱ ላይ ንቁ ይሆናል፤ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ይፈዛል። ይህን ፍዘት ሁሉም በምሳ ያሳብባል። ምሳው ከበድ ሲል ያባብሰዋል እንጂ ፍዘቱ ምሳ ላልበላም ይመጣል፤ የሰውነት የራሱ ሰዓት የሚያመጣው ነው። ስለዚህ ማሰብ የሚጠይቀው ሥራ ረፋዱን፣ እጅና እግር የሚጠይቀው ደግሞ ከምሳ በኋላ ያለውን ይያዝ። ቫውቸር በፋይል ማስገባት፣ ፊርማ ማስፈረም፣ ማህተም ማስመታት፣ ፎቶ ኮፒ፣ እነዚህ ሁሉ የ7 ሰዓት ተኩል ሥራዎች ናቸው። ብዙ ቢሮ የሚያደርገው ግልባጩን ነው፤ ጠዋቱ በኢሜይልና በፊርማ ይሄዳል፤ ሪፖርቱ ዓይን ሲከብድ ይጀመራል።

ቡናውም ሰዓት አለው። ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎል ይከማችና ድካም ይሰማዋል። ካፌይን አዴኖሲኑ የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል። ድካሙ ሄዶ አይደለም፤ መልእክቱ አልደረሰም እንጂ። ከሰው ሰው ቢለያይም ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ማታ 3 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አለ። እንቅልፍ ይነሳል፤ የነገ ረፋድ የሚበላሸው እንዲህ ነው።

ጾምም ቀኑን ይለውጠዋል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ለሚቆይ፣ ወይም በረመዳን ለሱሑር ተነስቶ እንቅልፉ ላጠረ ሰው፣ የተለመደውን ዕቅድ በግድ መጫን ራስን ማታለል ነው። ከባዱ ሥራ ወደ ጠዋት ይጠጋ፤ ከሰዓት በኋላው ይቅለል። ዓርብም እንደሌላው ቀን አይታቀድም፤ በብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለጁምዓ ሲባል የምሳ ዕረፍቱ ከ5፡30 ስለሚጀምር ረፋዱ አጭር ነው።

አንድ ቀን በወረቀት ላይ

ወደ ሂሳብ ሠራተኛዋ እንመለስና ቀኗን እንዘርጋው። 2፡30 ትገባለች፤ ማታ የጻፈችውን ታነባለች፤ ኢሜይል አትከፍትም። ከ2፡45 እስከ 4፡15 የባንክ ማስታረቁ ነው፤ ስልኳ ድምፁ ጠፍቶ መሳቢያ ውስጥ ነው። 4፡15 ላይ ሻይ ቡና። ከ4፡30 እስከ 5፡00 የተደወለላትን ትመልሳለች፤ ኢሜይሉንም ቴሌግራሙንም በአንድ ላይ ታራግፋለች። ከ5፡00 እስከ 6፡00 ፔይሮሉን ከመቅረት መዝገቡ ጋር ታመሳክራለች። ከ6፡00 እስከ 6፡30 ባዶ ነው።

ከምሳ በኋላ፣ ከ7፡30 እስከ 8፡30፣ ቫውቸርና ፊርማ። ከዚያ እስከ 9፡00 ሁለተኛው የመልስ ሰዓት። ከ9፡00 እስከ 10፡15 ሦስተኛው ከባድ ሥራ፤ ፍዘቱ አልፏል። ከ10፡15 እስከ 11፡15 እንደገና ባዶ። የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ለነገው ነው።

ሲደመር ከባድ ሥራ የተያዘለት ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ነው፤ ከስምንቱ ግማሽ አይሞላም። «ይኼማ ትንሽ ነው» የሚል ያለፈ ሳምንቱን ይቁጠር፤ ሳይቋረጥ አንድ ሰዓት ተኩል የሠራው ስንት ጊዜ ነው? ባዶዎቹ ቦታዎችም የዕቅዱ ጉድለት አይደሉም፤ ጅማቱ ናቸው። ከዳር እስከ ዳር የተሞላ ቀን የመጀመሪያው ያልታሰበ ጉዳይ ሲመጣ ይፈርሳል፤ የፈረሰ ዕቅድ ደግሞ ባለቤቱን «ድሮም አይሆንልኝም» ያሰኘዋል።

ወንበር ላይ ተቀምጦ መጀመር የሚያቅተው ሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል ይልቅ በ25 ደቂቃ ይነሳ። ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ቺሪሎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ የቲማቲም ቅርጽ ባለው የወጥ ቤት ሰዓት የጀመረው ዘዴ ነው፤ 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት። ሰው የሚፈራው ትልቁን ሥራ እንጂ 25 ደቂቃን አይደለም።

መብራት ሲጠፋ፣ አለቃ ሲጠራ

ዕቅድ የሚፈተነው ያልታሰበው ሲመጣ ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ ያልታሰበው ራሱ ይታሰባል። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ ለቅሶ ይደረሳል። የሥነ ልቦና ሊቁ ፒተር ጎልቪትዘር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ብሎ መወሰን «ጥሩ አድርጌ እሠራለሁ» ከሚል ምኞት ይልቅ ለድርጊት እንደሚያበቃ አስረድቷል። ውሳኔው አስቀድሞ ስላለቀ ሁኔታው ሲደርስ ማመንታት የለም። «መብራት ሲጠፋ ቫውቸሮቹን በቁጥር እደረድራለሁ።» «ሲስተም ሲወርድ የተጠራቀሙትን ስልኮች እደውላለሁ።» «እጄ ወደ ስልኩ ሲሄድ መጀመሪያ የደረስኩበትን እጽፋለሁ።» እንዲህ ያሉ ሦስት አራት ዐረፍተ ነገሮች በማስታወሻው ሽፋን ላይ ቢጻፉ ይበቃሉ።

አለቃ ግን መብራት አይደለም። «ይቺን ቶሎ ጨርሺልኝ» ሲሉ «አልችልም» ማለት ለብዙ ሠራተኛ ይከብዳል፤ ከአክብሮትም አንጻር አይመችም። የቀን ዕቅዱ ከተጻፈ ግን ሌላ ዓይነት መልስ አለ፤ «እሺ ጋሼ። አሁን ለከሰዓት ያሉኝን ፔይሮል ይዣለሁ፤ የቱን ላስቀድም?» ይህ እምቢታ አይደለም፤ ምርጫውን ለአለቃው መመለስ ነው። ብዙ አለቃ የሚያዘው የሠራተኛው እጅ በምን እንደተያዘ ስለማይታየው ነው። «ቆይ እንግዲያው መጀመሪያ ፔይሮሉን» የሚለው መልስ ከሚጠበቀው በላይ ይሰማል።

ቀኑ በእጁ ላልሆነ ሰው

ባንክ መስኮት ላይ ያለ፣ ተረኛ ነርስ፣ ባለ ሱቅ፣ የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ፣ እነዚህ ሁሉ አንድ ሰዓት ተኩል በራቸውን ዘግተው ሊቀመጡ አይችሉም፤ ሥራቸው ራሱ የመጣውን መቀበል ነው። ለእነሱ የሚታቀደው የቀኑ ዳር ዳር ነው። ባለ ሱቁ ዕቃ ማዘዣውን ደንበኛ ከመብዛቱ በፊት ጠዋት ይጨርሳል፤ ሂሳቡን ደንበኛ እያስተናገደ ሳይሆን በሩ ከተዘጋ በኋላ ይቆጥራል። የደረሱበትን የመጻፍ ልማድ ደግሞ ከማንም በላይ ለእነሱ ይጠቅማል፤ በሰዓት ውስጥ አሥር ጊዜ የሚቋረጠው እነሱ ናቸውና። ተረኛ ነርስ ፈረቃ ስታስረክብ በሽተኞቹ ያሉበትን ጽፋ የምትሄደው ለዚሁ ነው። እዚያ ነገሩ ደንብ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ግን ለየራስ ፈቃድ የተተወ ነው።

የመጨረሻው ሩብ ሰዓት

ይህን ሁሉ የሚጀምር ሰው በጠዋቱ አይጀምር። ጠዋት ላይ ማቀድ ንቁውን ሰዓት በማቀድ መብላት ነው፤ በዚያ ላይ የማታው ጉትጎታ አዳሩን ሙሉ አብሮ ያድራል። ከሥራ ሊወጡ ሩብ ሰዓት ሲቀርዎት አራት ነገር ይጻፉ፤ ዛሬ ያላለቀው ከምን ደረሰ፤ ነገ የሚቀድመው አንድ ከባድ ሥራ የቱ ነው፤ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ነው፤ የመጀመሪያው እርምጃ ምንድን ነው። «አንድ» የሚለው ላይ አይደራደሩ፤ ቀዳሚ ብሎ ሦስት ከባድ ሥራ የጻፈ ሰው ነገ ጠዋት እንደገና «የቱን ልያዝ?» ይላል፤ ዕቅዱ ያን ጊዜ ወደ ዝርዝርነቱ ተመለሰ ማለት ነው።

ለዚህ ልዩ ደብተርም አፕሊኬሽንም አያሻም፤ የጀርባው ባዶ የሆነ ወረቀት ይበቃል። አንድ ሳምንት ሞክረው ምንም ካልተለወጠ ይተዉት። አብዛኛው ሰው ግን ከሁሉ በፊት ልዩነቱ የሚሰማው ቢሮ ውስጥ አይደለም፤ ራት እየበላ ስለ ሥራው ማሰቡ ሲቀርለት ነው።